ባሕር ላይ የተሰካች ስፒል

አባ መስመር የሞቱት ከወንበራቸው ሳይነሱ ነው። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የዓለም ካርታ ተለጥፏል፤ ካርታው መሀል፣ ሰማያዊው ባሕር ላይ፣ ራሷ ቀይ የሆነች አንዲት ስፒል ተሰክታለች። ዓይናቸው አልተከደነም። ነርሷ ልትከድንላቸው እጇን ዘርግታ ነበር፤ ልጃቸው በስልክ «ፖሊስ ሳያይ ምንም እንዳትነኪ!» ብሎ ስለጮኸባት እጇን ሰብስባ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

መርማሪዋ ስትደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። የሥራ ባልደረቦቿ «መንጠቆ» ይሏታል፤ አንዴ የያዘችውን አትለቅም ለማለት ነው። ፊት ለፊቷ ግን ደፍሮ የሚጠራት የለም። ሃምሳውን የተሻገረች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ደረጃ በወጣች ቁጥር የሕንፃውን ባለቤት ከነዘር ማንዘሩ የምትረግም ሴት ናት። ይህ ቤት ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍትም የለው። እንግዲህ ምን ዓይነት ፊት ይዛ እንደገባች መገመት አያዳግትም።

ሟቹን ስታይ ግን እርግማኑን ተወችው። ሽማግሌው ሸሚዛቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ ቆልፈው፣ ክራባት አስረው፣ ፂማቸውን ተላጭተው ነበር።

«እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ነው የሚመስሉት» አለች ለራሷ።

«ልብ ነው» አለ አስከሬኑን ያየው ሐኪም። «የቆየ ሕመም ነበረባቸው። ከምላስ ሥር የምትደረግ ክኒን አለች፤ ሕመሙ እንደተነሳ ከደረሰች ታተርፋለች።»

«ታዲያ ለምን አልደረሰችም?»

ሐኪሙ በአገጩ ወደ መጻሕፍት መደርደሪያው አመለከታት። ትንሿ የክኒን ብልቃጥ መደርደሪያው አናት ላይ ቁጭ ብላለች። መንጠቆ ልታወርዳት ብትሞክር በእግር ጣቷ ቆማም አልደረሰችባትም።

«የሞቱበትን ሰዓት ንገረኛ።»

«እሱን አትጠይቂኝ። ማሞቂያው እግራቸው ሥር ሲነድ ነው የዋለው፤ በእንዲህ ያለ ሙቀት ገላ አይታመንም። ጠዋት ነው። ከዚያ በላይ ካልኩሽ ዋሸሁሽ።»

አባ መስመር ማን እንደነበሩ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት አየር ማረፊያ ውስጥ፣ ከአብራሪዎቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ቢሮ ነው። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ርቀቱ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት፣ ነፋሱ ከፊት ይሁን ከኋላ አስልተው ለአብራሪው የሚያስረክቡ ሰው ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ልማዱ አልለቀቃቸውም። ጠዋት ተነስተው አንድ በረራ ይመርጡና ስፒሏን በየሰዓቱ እየነቀሉ፣ ወደፊት እየሰኩ፣ የማያውቁትን ሰው ሁሉ አገሩ ያደርሱታል። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ታናሿ ልጃቸው በካርታው ሌላኛው ዳር ባለች ከተማ ትኖራለች። ታላቁ ልጃቸው ደግሞ አግብቶ ሳይወጣ፣ ሲያጥባቸውና ሲያጎርሳቸው፣ ፀጉሩ እዚሁ ቤት ሸበተ።

እሱን መንጠቆ ወጥ ቤት ውስጥ አገኘችው። ረጅምና ጎባጣ ሰው ነው፤ መንገድ ዳር ባለች ሱቅ የመነጽር መስታወት እየቆረጠ ይሸጣል። ጣቶቹ ላይ የመስታወቱ ዱቄት ሳይታጠብ ነጭ ሆኖ ደርቋል።

«ፈጣሪ ያጽናህ፣ ወንድሜ። ሁለት ሦስት ነገር ልጠይቅህ ነው።»

«ይጠይቁኝ። ግን እባክዎ ቶሎ ይሁን፤ አየር ማረፊያ መሄድ አለብኝ።»

«ዛሬ? ምን ልትሠራ?»

«እህቴ እየመጣች ነው።» የእጅ ሰዓቱን አየ። «አሁን አየር ላይ ናት፤ ምንም አታውቅም። በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ አሥር ላይ ነው የተነሳችው። መንገዱ አሥራ ሦስት ሰዓት ነው፤ ማታ አሥራ አንድ ላይ ታርፋለች። አባዬ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። ክራባት ያሰረውም ለእሷ ነው።»

መንጠቆ ብዙ መርዶ ተናግራ ታውቃለች። መርዶው የሚነገረው ሰው ግን ሰማይ ላይ ሆኖ፣ አባቱን ሊያቅፍ እየበረረ፣ ምድር ላይ ያሉት ሁሉ እያወቁ እሱ ብቻ ሳያውቅ የቀረበት ጊዜ ገጥሟት አያውቅም።

«ከቤት ስትወጣ ደህና ነበሩ?»

«ደህና ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ክኒኑ አጠገቡ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ነርሷ ሦስት ሰዓት መግባት ነበረባት። አምስት ሰዓት ገብታ ሞቶ አገኘሁት አለችኝ።» ራሱን ነቀነቀ። «በሰው ላይ አፌን መክፈት አልወድም። ግን አራት ሰዓት ላይ አባቴ በሕይወት ነበር።»

«አራት ሰዓት መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ስፒሏ ትናገራለቻ! በየሰዓቱ ነው የሚሰካት። ግማሽ መንገድ ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ነው የቆመችው። ከአሥር ሰዓት ተነስተው ቢቆጥሩ አራት ሰዓት ይመጣል። በሰዓቷ ገብታ ቢሆን ኖሮ አጠገቡ ነበረች። ክኒኑንም ከእኔና ከእሷ በቀር የሚነካው የለም።»

«እህ» አለች መንጠቆ። ሳሎን ይዛው ገባች። «እስቲ አሁን እህትህ የት እንደደረሰች አሳየኝ።»

ካርታው ፊት ቆመ። በአንድ እጁ እሷ የተነሳችበትን ከተማ፣ በሌላው እነሱ ያሉበትን ነካ፤ መሀሉን በዓይኑ ለካ። ጣቱን ከስፒሏ ትንሽ ወዲህ፣ ያው ባሕር ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ገደማ» አለ። ወዲያው ፊቱን ከካርታው አዞረ።

«አመሰግናለሁ። አየር ማረፊያ ግን አንተ አትሄድም። ሌላ ሰው እልካለሁ፤ አንተ እዚህ እፈልግሃለሁ።»

ነርሷ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ አጭር፣ ቀጭን ሴት ናት። የነጭ ጋዋኗን ጫፍ በጣቶቿ ስትጠመዝዝ ጨርቁ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።

«እትዬ፣ አስረውኝ ነው የሚሄዱት?»

«ካጠፋሽ አዎ። አጥፍተሻል?»

«አርፍጃለሁ። ልጄን ሌሊት ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት አደረ፤ የማስይዛት ሰው የለኝም። ግን ደውዬ ተናግሬ ነው እኮ ያረፈድኩት!»

መንጠቆ ጆሮዋን አቆመች። «ለማን ደወልሽ?»

«እዚሁ ቤት። ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል። ልጃቸው አነሳውና ‹ቀስ ብለሽ ነይ፣ ችግር የለም፣ እኔ አለሁ› አለኝ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ደረጃ ወጥቶ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«‹እኔ አለሁ› ነው ያለሽ?»

«እንደዚያ ነው ያለኝ፣ ልጄን ይንሳኝ!» እንባዋ ወረደ። «የሥራ ፈቃዴን ከቀሙኝ አለቀልኝ። እኔ ከታሰርኩ ያቺን ልጅ ማን ያሳድጋታል? አባባ አባቴ ነበሩ እኮ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ስፒሏን ብዙ ቀን የምሰካላቸው እኔ ነኝ።»

«ነው እንዴ? እንግዲያው አሁን ልጃቸው የት ደርሳለች?»

ነርሷ በጋዋኗ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ካርታው ሄደች። ባሕሩን ዞር ብላም አላየችው። እጇን ሽቅብ ሰቀለች፤ ካርታው አናት ላይ፣ ነጭ ቀለም የተቀባው የበረዶ አገር ላይ ወረቀቱን በጣቷ ጫፍ ዳበሰችው።

«በዚህ አልፋ አሁን ወደ ታች እየወረደች ነው። ‹በዓይንሽ አትፈልጊ፣ ዳብሺው› ይሉኝ ነበር።» ያኔ ነበር ባሕሩ ላይ ያለችውን ስፒል ልብ ብላ ያየቻት። ግንባሯ ተቋጠረ። «እዚያ ምን ትሠራለች?»

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነው፣ የኔ ልጅ። ሂጂ፣ ፊትሽን ታጠቢ።»

መንጠቆ በሕይወቷ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ከመሬት ከፍ ያለችበት ትልቁ ቦታ እንዲህ ያለ አራተኛ ፎቅ ነው፤ እሱም ይበቃኛል ባይ ናት። ስለዚህ ሁለተኛ ፎቅ ወደሚኖሩት ካፒቴን ወረደች። ካፒቴኑ የአባ መስመርን መንገድ ይዘው ሲበሩ የኖሩ ጡረተኛ አብራሪ ናቸው፤ ሁለቱ ሽማግሎች ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት ቀን የለም። በሩን ሲከፍቱላት ዓይናቸው ደም መስሏል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ ገና ሳትቀመጥ።

«ቀስ ይበሉ፣ ካፒቴን። እንዴት አድርገው?»

«ትናንት አበሸቅሁት። ‹ልጄ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት ታርፋለች› አለኝ። ‹አታርፍም› አልኩት። ‹ወደዚያ ሲሄዱ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል፤ ወደዚህ ሲመጡ ግን ፊት ለፊት ነው፤ ያው ርቀት፣ ያው አውሮፕላን፣ ሰዓቱ ግን ይረዝማል። በዚህ ወር ደግሞ ሰሜኑ ላይ ነፋሱ ብሶበታል፤ አርባ ደቂቃ ትዘገያለች› አልኩት። ‹አንተ ስታበር እንቅልፍህን ነበር የምትለጥጠው፣ የማሰላልህ እኔ ነኝ!› ብሎ ጮኸብኝ። ተኳርፈን ተለያየን።»

«ዛሬስ?»

«ልታረቀው ወጣሁ። ሦስት ሰዓት ላይ በሩን ደጋግሜ አንኳኳሁ። አልከፈተም። ኩርፊያው አልበረደለትም ብዬ ወረድኩ።»

«ተኝተው ይሆናል አላሉም?»

«ይተኛል? ልጁ አየር ላይ እያለች?» ሽማግሌው በሐዘን መሀል ሊስቁ ምንም አልቀራቸው። «ያንን ሰው አታውቂውም።»

መንጠቆ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርቱካን ስታየው ቆየችና «ሰሜኑ ላይ አሉኝ፤ ሁለቱ ከተሞች ግን ካርታው ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ባሕሩን አቋርጦ ቀጥ ብሎ መምጣት ሲቻል ምን ሊሠራ በረዶው ላይ ይወጣል?» አለች።

«እሱ የሚያጥረው ካርታ ላይ ነው፣ ልጄ። ምድር ጠፍጣፋ ናት እንዴ?» ብርቱካኑን አንስተው ከሸሚዛቸው ጫፍ ክር በጠሱ። ክሩን ብርቱካኑ ላይ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን ወጠሩት፤ ክሩ በራሱ ጊዜ ወደ አናቱ ተንሸራተተ። «አየሽው? ሲወጠር አጭሩን መንገድ ራሱ ይመርጣል። ካርታ ላይ ሲነጠፍ ጎባጣ ይመስላል እንጂ ቀጥታው መንገድ ያ ነው። እሱን መስመር ሲያወጣልኝ ኖሯል። ስንቴ ያንን በረዶ ሳየው ነጋልኝ።»

መንጠቆ የካፒቴኑን የንባብ መነጽር ተውሳ ደረጃውን ተመልሳ ወጣች፤ በዚህኛው ዙር ማንንም አልረገመችም። አፍንጫዋን ካርታው ላይ ልትለጥፍ ምንም ሳይቀራት ወረቀቱን መረመረች። በሰሜኑ በኩል፣ ከከተማ ወደ ከተማ፣ የስንት ዓመት የስፒል ቀዳዳ እንደ ወንፊት ተደርድሯል፤ ጠርዛቸው በአቧራ ጠቁሯል። ከመካከላቸው ግን አራቱ ገና ነጭ ናቸው። የመጀመሪያው ከልጅቷ ከተማ አጠገብ ነው፤ አራተኛው በረዶው ሲጀምር። ከዚያ ወዲያ አዲስ ቀዳዳ የለም። ስፒሏ የተሰካችበት የባሕሩ ሰማያዊ ደግሞ ከዚያ በፊት አንዴም ሳይነካ ልሙጥ ነው።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የሚያስደስታት መሆን ነበረበት፤ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥምላት ያስደስታታል። አሁን ግን ለመነሳት አልቸኮለችም።

ካፒቴኑና አንድ ሹፌር ልጅቷን ይዘዋት ሲመጡ ቀኑ እየመሸ ነበር። አውሮፕላኑ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ነው ያረፈው። ካፒቴኑ በር ላይ ለመንጠቆ «ረታሁት» አሏት፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ለቅሶዋን መኪናው ውስጥ ጨርሳው ነው የመጣችው። ወንድሟ ሊያቅፋት ተነሳ፤ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ብዙ ቆዩ። አስከሬኑ ስለተወሰደ ባዶው ወንበር ፊት ሄዳ ቆመች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ» አለች። «የት ሆኜ ነው የሞተው? እኔ ምን ላይ ስደርስ?»

መንጠቆ በሩን ዘጋችና ሁሉም እንዲቀመጡ በእጇ አመለከተች። ነርሷ በሩ ጥግ፣ ካፒቴኑ መስኮቱ ሥር፣ ወንድምና እህት ጎን ለጎን ሆኑ።

«ዛሬ እዚህ ቤት የምመልሰው ያንን ጥያቄ ነው» አለች። «መጀመሪያ ግን በመስኮት ምን ስታዪ እንደመጣሽ ንገሪኝ።»

«በረዶ። ከፀሐይ ጋር አብረን ስለምንሮጥ ቀኑ አልመሽ አለኝ። መንገዱን ሁሉ ነጭ በረዶ ነበር።»

«ባሕርስ?»

«ያን ያህል ባሕር አላየሁም።»

«ስፒሏ ግን ባሕር ላይ ናት። ዕድሜ ልካቸውን ይህንን መንገድ ያሰመሩ ሰው፣ የገዛ ልጃቸውን አውሮፕላን ባሕር መሀል ሰኩት? አልሰኩትም። ሌላ ሰው ነው የሰካው። ያ ሰው ደግሞ መንገዱን አያውቅም፤ ሁለቱን ከተሞች አይቶ መሀሉን በዓይኑ ለክቷል። ዛሬ ሦስት ሰው የልጅቷን መንገድ ጠየቅሁ። ካፒቴኑ ብርቱካን አንስተው በሰሜን ወሰዱኝ። ነርሷ ሳታመነታ በረዶው ላይ ጣቷን አሳረፈች።» በአገጯ ወደ ግድግዳው አመለከተች። «አንዱ ብቻ ባሕሩ ላይ አስቀመጣት።»

መነጽር ሠሪው ጣቶቹን ያይ ነበር።

«ስፒሏን መስካት ምን ጥቅም አለው ብትሉኝ፣ አራት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ ለማስባል ነው። ነርሷ መኖር በነበረባት፣ እሱ ደግሞ ሱቁ በነበረበት ሰዓት። ካርታው ላይ ግን የዛሬ ቀዳዳዎች አራት ብቻ ናቸው፤ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አንድና ሁለት ሰዓት። የሦስት ሰዓቱ የለም። ሦስት ሰዓት ላይ ካፒቴኑ አንኳኩተው መልስ ያጡትም ለዚያ ነው። ስለዚህ ሰውየው የሞቱት ሁለት ሰዓት ላይ ስፒሏን ከሰኩ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ አንቺ በረዶው ላይ ገና ስትገቢ ነው። በዚያ መሀል እዚህ ቤት የነበረው ሰው አንድ ነው። ነርሷ እንደምትዘገይ የደወለችለትም እሱ ነው፤ ይህንን ግን አልነገረኝም። ብልቃጡም ያለው መደርደሪያው አናት ላይ ነው። እኔ እንኳ አልደረስኩበትም፤ እሷ ወንበር ላይ ካልወጣች አትነካውም። እሱ ግን እጁን ማንሳት ብቻ ይበቃዋል።»

«ውሸት ነው» አለች እህት። «ወንድሜ? አባዬን ሲያጥብ የኖረ ሰው?» ወደ እሱ ዞረች። «ውሸት ነው በላት እንጂ!»

ወንድሟ ቀና ብሎ ካርታውን አየ።

«አባዬ ስፒሏን ይዞ ቆሞ ነበር» አለ፣ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ። «የሚቀጥለውን ሰዓት ቦታ ሊፈልግ ነቅሏት፣ ደረቱን ያዘና ወንበሩ ላይ ወደቀ። ስፒሏም ወለሉ ላይ ወደቀች። ‹ክኒን› አለኝ። ብልቃጡን አነሳሁ። ልከፍተው ነበር፣ እመኑኝ። እሱ ግን አላየኝም። እዚያ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ‹ልጄ ስንት ሰዓት ቀራት? ልጄን ሳላያት?› አለ። ‹አባዬ፣ እኔም አለሁ፣ እየኝ› አልኩት። ‹ልጄ ስንት ሰዓት ቀራት› አለ እንደገና። ስንት ዓመት ሙሉ እየታጠበ፣ እየጎረሰ፣ በእኔ ትከሻ ወደ አልጋው እየሄደ፣ ዓይኑ ከዚያ ካርታ ወርዶ አያውቅም። ለዚህ ነው ያንን ካርታ የምጠላው፤ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ እንዲያየኝ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ! ብልቃጡን ይዤ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ስልኩ ሲጮህ ነው የባነንኩት። ያን ጊዜ አልፎ ነበር።»

ነርሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የደወለችው እሷ ነበረች።

«ከዚያ ፈራሁ» አለ። «ፈሪ ነኝ። ብልቃጡን የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ አላስታውስም። ስፒሏን ባሕሩ ላይ የሰካኋት ጥፋቱ ባንቺ ላይ እንዲያርፍ ነው» አለ ወደ ነርሷ ዞሮ። «ልጅ እንዳለሽ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።»

ነርሷ ይቅር አለችው ማለት አይቻልም፤ ያን ዕለት ይቅርታ የሚወጣው ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። ካፒቴኑ ብቻ «አዬ ልጄ፣ አዬ!» ይሉ ነበር።

መንጠቆ አንድ ነገር አልገባት ብሎ ነበር። ኮሪደሩን የሞሉትን ሻንጣዎች ተመለከተች፤ ሹፌሩ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ነው ያወጣቸው።

«ለጉብኝት ይህን ሁሉ ይዘሽ ነው የመጣሽው?» አለች ልጅቷን።

ልጅቷ ወንድሟን እንጂ እሷን አላየችም።

«ለጉብኝት አይደለም። ጠቅልዬ ነው የመጣሁት። አባዬ ነው የጠራኝ።»

«አንቺን ለማየት ሲንገበገብ ነበራ!» አለ ወንድሟ።

«እኔን ለማየት አይደለም። ስለ አንተ ነው የደወለልኝ። አንተ ሱቅ ስትሄድ ጠብቆ ነው የሚደውልልኝ። ‹በእኔ ምክንያት ቤት አልሠራ፣ ልጅ አልወለደ፤ ነይና ተረከቢኝ፤ እሱ ደግሞ ይሂድ፣ ይኑር› አለኝ። እምቢ አልኩት፤ ሥራዬን እንዴት ልተው አልኩት። ስልኩ ላይ አለቀሰ። አባዬ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ስንት ሰዓት ቀራት እያለ የሚቆጥረው… ያንተን ሰዓት ነበር እኮ የሚቆጥረው።»

መነጽር ሠሪው አፉን ከፈተ።

«ለምን አልነገረኝም?»

«እንዳርፍ እየጠበቀ ነዋ! ታውቀው የለም እንዴ? ዕድሜውን ሙሉ የአውሮፕላኑ ጎማ መሬት ሳይነካ ለማንም ሰው ‹ደርሷል› ብሎ አያውቅም። ‹ብትቀሪ ልቡ ሁለቴ ይሰበራል› አለኝ። ‹አንቺ ብቻ እረፊ፤ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።›»

«ቃሉን ንገሪኝ» አለ። «ስለ እኔ ምን አለ? ያለውን ንገሪኝ።»

«‹ልጄ ደክሞታል› አለኝ። ‹ልጄ ደክሞታል፣ ነይና አሳርፊልኝ።›»

ሰውየው ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። እዚያ ቤት የተሰማው ድምፅ የለቅሶ አይመስልም ነበር፤ መንጠቆ እንኳ ጆሮዋን ልትይዝ ፈለገች። ካቴናዋን ከቦርሳዋ አላወጣችም። ብብቱን ደግፋ አስነሳችው፣ ኮቱን ከመስቀያው አንስታ ትከሻው ላይ ጣለችለት፣ ሻንጣዎቹን እየዘለሉ ወደ በሩ አብረው ሄዱ።

እህቱ ተከትላቸው እስከ ደረጃው አፍ ወጣች። ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ልትረግመውም ፈለገች፤ ሁለቱም እምቢ አሏት። እሱ የመጀመሪያውን ደረጃ ሲወርድ የኮቱን እጅጌ ያዘችው።

«እኔ እኮ» አለችው፣ «ላንተ ብዬ ነበር የመጣሁት።»